የመድኃኒት ምርምር ገንዘብ የሚቀልጠው የት ላይ ነው?

ካስገባው መቶ ዕቃ ዘጠና ስድስቱ መጋዘን ውስጥ ተበላሽቶ አራቱ ብቻ ለገዢ የሚደርስለት ነጋዴ ከርሞ ሱቁን ይከፍታል ብሎ የሚገምት ሰው አይኖርም። በዓለም ካሉት ታላላቅ የመድኃኒት አምራቾች አንዱ የሆነው የእንግሊዝና የስዊድን ኩባንያ አስትራዜኔካ ግን ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ሲሠራ የቆየው በዚሁ ስሌት ነበር። ተመራማሪዎቹ «ይህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል» ብለው ካጩዋቸው ውህዶች መካከል የመጨረሻውን የሰው ላይ ሙከራ በስኬት ያጠናቀቁት ከመቶ አራቱ ብቻ ነበሩ።

ይኸው ኩባንያ ከ2012 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ቁጥሩን ከመቶ 19 አደረሰው። በተቀራራቢ ዓመታት የኢንዱስትሪው አማካይ ከመቶ ስድስት ገደማ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? የምርምር በጀቱ በአንድ ጊዜ አምስት እጥፍ አልሆነም። ኬሚስቶቹም በአንድ ሌሊት ሊቅ አልሆኑም። የተለወጠው ድርጅቱ ፕሮጀክቶቹን የሚመርጥበት፣ የሚመረምርበትና የሚዘጋበት መንገድ ነው። የማኔጅመንት ምሁራን ይህን «ድርጅታዊ ችሎታ» ይሉታል። ቃሉ የስብሰባ አዳራሽ ቋንቋ ይምሰል እንጂ ትርጉሙ በብር የሚመነዘር ነው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

አንድ አዲስ መድኃኒት ከላቦራቶሪ ተነሥቶ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያ ተመራማሪዎች በሽታውን ያመጣል ብለው የጠረጠሩትን በሰውነት ውስጥ ያለ ነገር፣ ብዙ ጊዜ አንድ ፕሮቲን፣ ኢላማ አድርገው ይመርጣሉ። ከዚያ ያንን ኢላማ የሚመታ ውህድ ይፈልጋሉ። የተገኘው ዕጩ በእንስሳት ላይ ይሞከራል። ቀጥሎ ወደ ሰው ይሻገራል። ምዕራፍ አንድ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ፣ ምዕራፍ ሁለት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ላይ፣ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ እስከ ብዙ ሺህ በሚደርሱ ሕመምተኞች ላይ ይካሄዳል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ ወጪው በእያንዳንዱ ምዕራፍ እየናረ መሄዱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተዘጋ ፕሮጀክት ኪሳራው ትንሽ ነው። በምዕራፍ ሦስት መጨረሻ የወደቀ ፕሮጀክት ግን የመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ጉድ ነው።

በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ስሌት አንድ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ለማብቃት 802 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። በ2016 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ስሌቱ ብዙ ያከራከረ ቢሆንም አወቃቀሩ ያስተምራል። ከዚህ ውስጥ በእጅ የወጣው ገንዘብ 1.4 ቢሊዮን ገደማ ነው። ቀሪው ገንዘቡ ለዓመታት ታስሮ በመቆየቱ የቀረ ገቢ፣ ማለትም የጊዜ ዋጋ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በሒሳቡ ውስጥ የወደቁት ዕጩዎች ወጪ ተካቷል። የተሳካው አንድ መድኃኒት የሞቱትን ወንድሞቹን ዕዳ ሁሉ ተሸክሞ ነው ገበያ የሚወጣው።

ስለዚህ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከመቶ አራት ብቻ የሚሳካ ከሆነ አንድ መድኃኒት ለማግኘት 25 ዕጩ መጀመር ያስፈልጋል። ከመቶ 19 የሚሳካ ከሆነ ግን አምስት ያህል ይበቃል። ሃያው ዕጩ የሚበላው ገንዘብና ጊዜ ወይ ለሌላ ምርምር ይተርፋል፣ ወይ ባለአክሲዮኑ ዘንድ ይቀራል። ከፋዩ መንግሥት ወይም ሕመምተኛ ብርቱ ተደራዳሪ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይችላል።

ችግሩ የአንድ ኩባንያም አይደለም። በ2012 ጃክ ስካነል የሚባሉ ተንታኝና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ የዋጋ ንረት ተቀንሶ ሲሰላ፣ በአንድ ቢሊዮን ዶላር የምርምር ወጪ የሚገኘው የአዳዲስ መድኃኒቶች ቁጥር ከ1950 ጀምሮ በየዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ቆይቷል። ኮምፒዩተር እየረከሰ ሲሄድ የመድኃኒት ምርምር እየተወደደ ሄደ ማለት ነው።

ቁጥር ሲሸለም

ወደ አስትራዜኔካ እንመለስ። ኩባንያው በ1999 የስዊድኑ አስትራና የእንግሊዙ ዜኔካ ተዋህደው የተፈጠረ ነው። በ2000ዎቹ ውስጥ ተከታታይ ሽንፈት ደረሰበት። ለደም መርጋት ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኤግዛንታ ጉበት በመጉዳቱ በ2006 ከገበያ ወጣ። በዚያው ዓመት ለአንጎል ደም መፍሰስና መርጋት ሕክምና ይሆናል የተባለው ኤንኤክስዋይ 059 በትልቅ ሙከራ ምንም ጥቅም ሳያሳይ ቀረ።

ኩባንያው ከ2005 እስከ 2010 ያካሄዳቸውን 142 ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ አስመረመረና ውጤቱን በ2014 ለሕዝብ በሚቀርብ የሳይንስ መጽሔት አሳተመ። በሰው ላይ ከመሞከራቸው በፊት ከተዘጉት ፕሮጀክቶች 82 በመቶ ያህሉ የወደቁት ውህዱ መርዛማ ወይም ለጤና አስጊ ሆኖ በመገኘቱ ነበር። በምዕራፍ ሁለት የመጨረሻ ክፍል ከወደቁት ውስጥ ግን 88 በመቶው ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ መድኃኒቱ አልሠራም። ይህን ያህል ዓመትና ገንዘብ ከፈጀ በኋላ የተመረጠው ኢላማ ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ የተገኘባቸው ጥቂት አልነበሩም።

ለምን ቀደም ብሎ አልታወቀም? መልሱ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ነው። ሰው የሚሠራው ለሚሸለምበት ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የምርምር ክፍሎች የሚመዘኑት በዓመት ስንት ዕጩ አቀረቡ፣ ስንቱን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አሻገሩ በሚል ቁጥር ነበር። ቁጥር ሲሸለም ቁጥር ይመጣል። ለበላይ አካል የሚቀርበው ሪፖርት ያማረ፣ የፕሮጀክቱ ዝርዝር የረዘመ ነበር። ነገሩ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነ።

በዚህ ላይ ሌላ የታወቀ ድክመት ተጨመረ። ሦስት ዓመት የተደከመበትን ፕሮጀክት «ይብቃ» ማለት ያማል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ሁሉ የወጣ ገንዘብም አይመለስም። ትክክለኛው ጥያቄ «እስከ ዛሬ ስንት አወጣን?» ሳይሆን «ከዛሬ ጀምሮ የምናወጣው ምን ያመጣል?» የሚለው ነው። ነገር ግን ዕድገቱ፣ ክብሩና ወንበሩ ከፕሮጀክቱ ጋር የተሳሰረ ሰው ይህን ጥያቄ በገዛ ራሱ ላይ ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አምስቱ ጥያቄዎች

በ2011 ኩባንያው አዲስ መመዘኛ አወጣ። የምርምር ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ሜኔ ፓንጋሎስና ባልደረቦቻቸው ማንኛውም ፕሮጀክት አምስት ነገሮች ትክክል መሆናቸውን እንዲያሳይ አዘዙ። የመጀመሪያው ኢላማው ነው፤ በሽታውን በእርግጥ የሚያመጣው እርሱ ለመሆኑ በሰው ላይ የተገኘ ማስረጃ አለ ወይ? ሁለተኛው ሕብረ ሕዋሱ ነው፤ መድኃኒቱ በበቂ መጠን መድረስ ያለበት ቦታ ይደርሳል? ሦስተኛው ደህንነቱ ነው። አራተኛው ሕመምተኛው ነው፤ የሚጠቅመው ለየትኛው በሽተኛ ነው? አምስተኛው ገበያው ነው፤ አሁን ካለው መድኃኒት በምን ይበልጣል፣ ማንስ ይከፍልበታል?

ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም። አዲሱ ነገር መልስ ያላገኘ ፕሮጀክት ገንዘብ አለማግኘቱ ነው። ከዚህም ሌላ ስድስተኛ ነገር ተጨመረ፤ የሥራ ባህል። ፕሮጀክቱን ለማሳለፍ ከመሮጥ ይልቅ እውነቱን ፈልጎ ማግኘት፣ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውንም ሰው አለመቅጣት። የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ምን ያህል እንደሚመዝን ከ142ቱ ፕሮጀክቶች ጥናት ላይ ይታያል። ምዕራፍ ሁለት ከደረሱት መካከል ኢላማቸው ከበሽታው ጋር በጄኔቲክስ ማስረጃ የተያያዘላቸው 73 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ ወይም ተሳክተዋል። ማስረጃው ከሌላቸው ግን የተረፉት 43 በመቶ ብቻ ናቸው።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ዕድል

አራተኛው ጥያቄ፣ «የትኛው ሕመምተኛ?» የሚለው፣ ዋጋው በኢሬሳ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይህ የሳንባ ካንሰር መድኃኒት በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። በ2004 መጨረሻ በትልቅ ሙከራ የበሽተኞችን ዕድሜ እንደሚያራዝም ማሳየት አልቻለም፤ በ2005 የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች አጠቃቀሙን በጣም አጠበቡት። በአጭሩ ሞተ ተባለ።

ይሁን እንጂ በ2004 ተመራማሪዎች አንድ ነገር አግኝተው ነበር። ኢጂኤፍአር በሚባለው ጂን ላይ የተወሰነ ለውጥ ባላቸው ዕጢዎች ላይ መድኃኒቱ በደንብ ይሠራል። ስለዚህ ሕመምተኛው ሁሉ ተደባልቆ ሲሞከር ጥቅሙ በብዙኃኑ ውስጥ ተውጦ ይቀር ነበር። ይህ ለውጥ ያለባቸውን በመለየት የተካሄዱ ሙከራዎች ውጤት አመጡ። በ2015 ያው ውህድ፣ ያው ኪኒን፣ ለእነዚያ ሕመምተኞች ተብሎ በአሜሪካ እንደገና ተፈቀደ። በመካከሉ የአሜሪካ ገበያ ለአሥር ዓመት ያህል ተዘግቶበት ቆይቷል።

የኢሬሳን ትምህርት ኩባንያው በታግሪሶ ላይ ተጠቀመበት። ይህ መድኃኒት እንደ ኢሬሳ ያሉት ከሠሩ በኋላ ካንሰሩ ሲለምዳቸው የሚፈጠረውን ለውጥ ኢላማ ያደረገ ነው። ሕመምተኛው ከመጀመሪያው በምርመራ ተለይቶ ነበር። የመጀመሪያው በሽተኛ መድኃኒቱን የወሰደው በመጋቢት 2013 ሲሆን የአሜሪካ ፈቃድ የተገኘው በኅዳር 2015 ነው። ከሦስት ዓመት ያነሰ ጊዜ መሆኑ ነው። በ2023 የታግሪሶ ሽያጭ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

በገንዘብ የማይገዛው ነገር

አንድ ማሽን ዛሬ ታዝዞ በሦስት ወር ይደርሳል። ጥሩ ኬሚስትም በደመወዝ ይሳባል። ድርጅታዊ ችሎታ ግን እንዲህ አይገዛም። በ1994 ሬቤካ ሄንደርሰንና ኢየን ኮክበርን የተባሉ ምሁራን የአሥር ትላልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎችን የውስጥ መረጃ መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ በኩባንያዎች መካከል የሚታየው የምርምር ውጤታማነት ልዩነት በበጀት መጠን ብቻ እንደማይገለጽ አሳይተዋል። ተመራማሪዎቻቸውን በውጭው የሳይንስ ዓለም ባላቸው ተሰሚነትና በሚያሳትሙት ጽሑፍ የሚያሳድጉ ኩባንያዎች ይበልጥ ውጤታማ ሆነው ተገኝተዋል። በአንጻሩ የምርምር ገንዘብ ክፍፍል በአንድ ሰው እጅ የነበረባቸው ኩባንያዎች ደከም ብለው ታይተዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከውጭ ሳይንስ ጋር የሚነጋገር ተመራማሪ ኢላማው ውድቅ መሆኑን ቀድሞ ይሰማል። ብዙ ዓይን በሚያይበት ጉባኤ ደግሞ የአንድ አለቃ ተወዳጅ ፕሮጀክት በዝምታ አያልፍም።

ገበያው ምን አለ?

የአስትራዜኔካ ለውጥ ያለ ሥቃይ አልመጣም። የታላላቅ መድኃኒቶቹ የፓተንት ጥበቃ በተከታታይ ሲያልቅና ርካሽ ጄኔሪኮች ሲገቡ ሽያጩ በ2011 ከነበረው 33.6 ቢሊዮን ዶላር በ2013 ወደ 25.7 ቢሊዮን ወረደ። በ2012 መጀመሪያ 7,300 የሥራ ቦታዎች እንደሚቀነሱ ተነገረ። የመጋዘኑን ባዶነት የከፈለው ሠራተኛው ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፓስካል ሶሪዮ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው መጡ።

በግንቦት 2014 የአሜሪካው ፋይዘር ኩባንያውን በ69 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ በአንድ አክሲዮን 55 ፓውንድ ሒሳብ፣ ልግዛ ብሎ ጠየቀ። ቦርዱ እምቢ አለ። በዚያው ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ 11 በመቶ ያህል ወደቀ፤ ብዙ ባለአክሲዮኖችም ተቆጡ። ሶሪዮ «በላቦራቶሪ ያለው መድኃኒት ሲደርስ ሽያጫችን በ2023 ከ45 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል» የሚል ትንበያ አቅርበው ነበር። በወቅቱ ብዙዎች አላመኑም። በ2023 የኩባንያው ገቢ 45.8 ቢሊዮን ዶላር ሆነ።

ታሪኩ ግን ለመመዘኛው ብቻ ምስጋና የሚያሰጥ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ገቢው ሁሉ ከራሱ ላቦራቶሪ የመጣ አይደለም፤ ኩባንያው በ2021 አሌክሲዮን የተባለውን ድርጅት በ39 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሁለተኛ፣ ከመቶ አራት ወደ ከመቶ 19 የተደረሰው የካንሰር ጄኔቲክስ ሳይንስ ራሱ በተራቀቀበት ዘመን ነው፤ የትኛው ድርሻ የአሠራሩ፣ የትኛው የዘመኑ እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ቁጥሩንም ያወጡት የኩባንያው የራሱ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ ውድቀት አልጠፋም። በሐምሌ 2017 ሚስቲክ የተባለው የሳንባ ካንሰር ሙከራ የተጠበቀውን ውጤት ባለማምጣቱ የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን 15 በመቶ ያህል ወርዷል። ጥሩ አሠራር ኪሳራን ያሳንሳል እንጂ ሳይንስን አያስገድድም።

ከእኛ ቤት፤ የእንዶድ ትምህርት

ይህ ሁሉ የቢሊዮን ዶላር ወሬ ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖራል። የአገራችን ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚያመርቱት ቀመሩ የታወቀውን መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ እኛም የራሳችን ታሪክ አለን።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ግኝቱ በአድዋ ከተማ ለዓመታት በተግባር ሲሞከር፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ መውረዱ ተመዝግቧል። ኢላማው ትክክል ነበር፤ ተጠቃሚውም ይታወቅ ነበር፤ ጥሬ ዕቃውም በየጓሮው ይበቅላል።

የጎደለው ቀሪው ሰንሰለት ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድን ለመቀበል በእውቅና ደረጃ በተሠራ ላቦራቶሪ የተካሄደ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ። ያን የሚሠራ ላቦራቶሪም፣ ወጪውን የሚሸፍን ኩባንያም በአገር ውስጥ አልነበረም። ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። በመካከሉ በ1970ዎቹ በጀርመን ኩባንያዎች የተሠራው ፕራዚኳንቴል የተባለ ኪኒን መጣ፤ ዋጋውም እየረከሰ ሲሄድ ትኩረቱ ሁሉ ከቀንድ አውጣው ወደ በሽተኛው ዞረ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ መጣ፤ ገበያው ግን ሄዷል።

አስትራዜኔካ ሰንሰለቱ ሞልቶለት ጥያቄው ጎደለው። እንዶድ ጥያቄው ተመልሶለት ሰንሰለቱ ጎደለው። ሁለቱም የደረሱበት ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ጠፋ፣ ሕመምተኛው ጠበቀ።

እንግዲህ በመድኃኒት ምርምር ላይ ገንዘብ ሊያፈስ ለሚያስብ የግል ባለሀብትም ሆነ በጀት ለሚደለድል መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፕሮጀክት አላችሁ?» መሆን የለበትም። «ባለፈው ዓመት ስንቱን ዘጋችሁ? ለምን? በስንተኛው ወር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «የመርዛማነት ምርመራውን የሚሠራላችሁ ማን ነው? ውሉ ተፈርሟል?» የሚለውም መከተል አለበት። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ድርጅት የፕሮጀክት ዝርዝሩ ምንም ያህል ቢረዝም ገንዘብ የሚሰጠው ባይቸኩል ይመረጣል።